ካሴት የበላው ፒክአፕ

ኅዳር ወር፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። መቱ ከተማ፣ ጎረቤታችን ደጅ በቆመ አሮጌ ፒክአፕ ውስጥ የመኪናው ቴፕ ካሴት በላ። ካሴቱ ላይ የነበረው ከብዙ ዓመት በፊት የሞቱ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ነው። ሽማግሌው የሚቆጥሩት የዘር ሐረጋቸውን ሲሆን፣ የአንዲት ልጅ ጋብቻ ያንን ቆጠራ ይጠብቅ ነበር።

እኔ የኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ስለ ቡና ለቀማ ዘገባ ልሠራ ኡካ ሄጄ የተመለስኩት በዚያው ቀን ጠዋት ነው። ግማሹን መንገድ በእግሬ ነበር የመጣሁት። ሱሪዬ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልረገፈም። በልቼ ልተኛ ስል የጎረቤታችን የልጅ ልጅ በሩን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ አያቴ አንዴ ብቅ ይበሉልኝ ብላለች። ካሴት ያውቃሉ አይደል?»

ካሴት አውቃለሁ። ለሬዲዮ ስሠራ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከካሴት ጋር ነው። መቅረጽ፣ መቁረጥ፣ የተበጠሰ መቀጠል የየቀን ሥራዬ ነበር። መቱ ገበያ ውስጥ ቴፕ ይጠግን የነበረው ሰው ዛሬ ስልክ ነው የሚጠግነው፤ ካሴት ስታሳየው ይስቃል።

አያትየው፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ በሰፈራ ዘመን ከወሎ የመጡ ናቸው። የእኔም ቤተሰብ የመጣው ከዚያው ወገን ነው። በእኛ ዘንድ ልጅ ከመዳሩ በፊት በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እዚያ ውስጥ አንድ የጋራ አያት ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ባገር ቤት ቢሆን ቆጣሪ አይጠፋም፤ የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ የማንም ዘር በቃሉ ይዟል። እዚህ ግን ቤተሰቦች ሲጓጓዙ ተበታትነዋል። አዋቂዎቹም ገሚሶቹ እዚያው ቀሩ፣ ገሚሶቹ እዚህ ደርሰው ሞቱ። ስለዚህ ከአንድ ወንዝ ውሃ የጠጡ ሰዎች ኢሉባቦር ላይ ሳይተዋወቁ ጎረቤት ሊሆኑ ይችላሉ።

የእትዬ አባት የቀሩት እዚያው ነው። መንግሥት ተለውጦ መንገድ ሲከፈት አንድ ዘመድ ሊጠይቃቸው ሄደ። ሽማግሌው መጻፍ ስለማይችሉ የሚሉትን በካሴት ቀድቶ ለእትዬ አመጣላቸው። ያኔ ደብዳቤ የሚላከው እንዲህ ነበር። ካሴቱ እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ኖረ። ያጫውቱበት የነበረው ቴፕ ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል። በከተማው ካሴት የሚያጫውት አለው የተባለው ይህ ፒክአፕ ብቻ ነው። ባለቤቱ የመቱ ልጅ ነው፤ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ገዝቶት ወደ ቡሬና ወደ ኖፓ ሰውና ዕቃ ያመላልስበታል።

«ይሠራል ወይ?» ብዬ ጠይቄው ነበር፣ ካሴቱ ከመግባቱ በፊት።

«ጋሼ ደግሞ! ሬዲዮኑ ሲያወራ አይሰሙትም?»

ሬዲዮኑ በእርግጥ ያወራ ነበር።

የሙሽራው አያት ከቡሬ የመጡት በጠዋቱ አውቶቡስ ነው። በፊት ወንበር ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ የእነሱን ወገን በጣታቸው ቆጠሩልን። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ሰውየው ከወንዙ ማዶ፣ ከዋርካው በታች ይኖር እንደነበር ጨመሩ። እትዬ እኔ አጠገብ ሆነው አንገታቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። የምትዳረው የልጅ ልጃቸው በተከፈተው በር ላይ ተደግፋ ቆማለች። ሙሽራው የለም፤ በቆጠራ ላይ መገኘት የእሱ ወግ አይደለም።

ከዚያ ካሴቱ ገባ።

የካሴቱ ግማሽ ሰላምታ ነው። የእትዬ አባት ልጆቹን ጠየቁ፤ ጎረቤቱን በየስሙ ጠየቁ፤ የምትታለበው ላም ወተቷ እንደቀነሰ ተናገሩ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቆጠራው ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ስሞች ሰማን፤ አንዱም ከቡሬው ሽማግሌ ስሞች ጋር አልተገናኘም። ሁለት ስም ሲቀር ድምፁ ወፈረ፣ ተጎተተ፣ ከዚያ እንደሚሰምጥ ሰው ሆነ። ሾፌሩ ጣቱን ወደ ማስወጫው ላከ።

«እንዳትነካው!» አልኩ።

«ማል ተኤ?» አለ ደንግጦ። ምን ሆነ ማለቱ ነው።

«በላው።»

ሾፌሩ ቁልፉን አጠፋና ሁላችንም የቴፑን ጠባብ አፍ ማየት ጀመርን። ቀድመው የተናገሩት የቡሬው ሽማግሌ ናቸው።

«እንግዲህ እትዬ፣ ከተሰማ ይሰማል። ካልተሰማም የእኛ ጥፋት አይደለም። የመጨረሻው መኪና እስኪነሣ ልጠብቅ። ከዚያ በኋላ እግዜር ያውቃል ብለን እንመርቃቸዋለን።»

«ያልሰማሁትን ሰምቻለሁ ብዬ ልጅ አልድርም» አሉ እትዬ።

«እኔም አልለመንኩዎትም። የሚያጣድፈን መኪናው ነው።»

ልጅቷን አየኋት። ወደ መንገዱ ነበር የምታየው።

የባትሪውን ገመድ አስፈታሁ። የቴፑን ፊት በካቻቢቴ ፈትቼ ሣጥኑን ወደ ውጭ ስጎትት እጄ ላይ አንድ ነገር ሄደ። ጉንዳን ነው። ከኋላው ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ከካሴቱ መግቢያ በቀጭን ሰልፍ እየወጡ በዳሽቦርዱ ስንጥቅ ይገባሉ።

«እዚህ ላይ ምን ፈሶ ነበር?» አልኩት ሾፌሩን።

«ምንም።»

«ታዲያ እነዚህ ዜና ሊሰሙ ነው የሚመጡት?»

አንገቱን አከከ። «እ... ክረምት ላይ ከኖፓ አንዲት እናት ማር ይዘው ጋቢና ገብተው ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስይዝ የጀሪካኑ ክዳን ተከፈተ። ግን እኮ አጥቤዋለሁ! በሙቅ ውሃ፣ የታየኝን ሁሉ።»

«ያልታየህስ?»

«ያልታየኝን በምን ዓይኔ ልጠበው?»

እትዬ ከኋላ «ለዚህ ቴፕ ማር አብልተህ ስታበቃ አባቴን አስከተልክለት!» አሉት።

«ሃርሜ ይቅር በሉኝ» አለ፤ እናቴ ማለቱ ነው። «ሬዲዮኑ ደህና ስለሆነ ሁሉም ደህና መስሎኝ ነው።»

የቴፑ ክዳን ሲነሣ ነገሩ ግልጽ ሆነ። የካሴቱን ክር የምትስበው ትንሿ ጎማ በደረቀ ማር ቡናማ ሆናለች። ክሩ እሷ ላይ ተጣብቆ ብዙ ዙር ተጠምጥሟል፤ የተረፈው ከሥሯ ታጥፎ ተጨማዷል። እንዲህ ያለ ነገር በኃይል ከተጎተተ ያልቃል። ጎማዋን በጣቴ ጫፍ ወደ ኋላ ማዞር ጀመርኩ። አንድ ዙር ሲላቀቅ ልጅቷ ክሩን በሁለት ጣቷ ትቀበለኛለች፤ ያዘዛት ሰው የለም፤ ራሷ ናት የመጣችው። ጥፍሮቿ ቀይ ቀለም ተቀብተዋል።

ወገቤ ያመኝ ነበር። ዓይኔም በቅርብ ማየት ከተወ ቆይቷል። በመሐል ቀና ብዬ ስተነፍስ የቡሬው ሽማግሌ ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

«አረቄ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ለማን?» አለ ሾፌሩ።

«ለቴፑ። ማሩን ከጎማዋና ድምፁን ከሚያነበው ሄድ ላይ ለማንሳት።»

እትዬ ጠርሙሱን ከቤት አስመጡ። ሾፌሩ እስላም ስለሆነ ጠርሙሱን በጨርቅ ይዞ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ከራሱ አርቆ አቀበለኝ። «እሱ ይጠጣ። ኃጢአቱን ግን እናንተው ተካፈሉት።»

ከእንቅልፋቸው የነቁት ሽማግሌ ሳቁ። በዚያን ቀን ሁላችንም አብረን የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ዙር ሲላቀቅ ክሩ በአንድ በኩል ከግማሽ በላይ ተቀዶ ተገኘ። ትንሽ ቢወጠር ይበጠሳል። ድሮ ሥራ ላይ እንዲህ ሲያጋጥመን የምንቀጥለው በጥፍር ቀለም ነበር።

«ጥፍር ቀለም አለሽ?» አልኳት።

ክሩን እንደያዘች ዝቅ ባለ ድምፅ «ጋሼ፣ ደክሞዎታል እኮ» አለች። «ካልሆነ ይቅር። ማንም አይቀየምዎትም።»

«ይሆናል» አልኳት።

ክሩን ለሾፌሩ ሰጥታ ወደ ቤት ገባች። እሱም ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ እንመርቃለን ብለዋል። የመኪናቸው ሰዓትም ደርሷል። ለምን አንተወውም?»

«እትዬ ጠግንልኝ ብለውኛል።»

«እሳቸውስ እሺ። ልጅቷስ?»

ቴፑ ተከፍቷል፤ እትዬ ከኋላ ወንበር ሳይነሡ እጄን እያዩ ነው፤ የጀመርኩትን ሥራ የመጨረስ ልማድ አለኝ። በዚያ ድካም ከዚህ የተሻለ ምክንያት አልፈለግኩም። ልጅቷ ቶሎ አልወጣችም። እንደምትቀር ጠርጥሬ በፕላስተር ልሞክር ስል መጣች። ብልቃጡን ከፍታ ነው የሰጠችኝ። የተቀደደውን በቀለሙ ቀባሁት። እስኪደርቅ ክሩን አንስቼ ይዤ፣ የታጠፈውን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግኩ አቃናሁት። ከዚያ እስክሪብቶ ካሴቱ ቀዳዳ ውስጥ ከትቼ እያዞርኩ ክሩን ወደ ቦታው ጠቀለልኩት።

ሣጥኑ ሲገጠም ፀሐይዋ ወደ ቡሬ በኩል አዘቅዝቃ ነበር። ሾፌሩ የባትሪውን ገመድ አሰረ። ካሴቱ ገባ፣ ድምፅ መጣ፣ ግን ወፍራምና ዘገምተኛ ነው። ባትሪው ደካማ ስለሆነ ሞተሩን አስነሣ። ነዳጅ ሲረግጥ የካሴቱ ሽማግሌ ይፈጥናሉ፤ ሲለቅ ይጎተታሉ።

«ሃርሜ፣ የትኛው ነው የአባትዎ ድምፅ?»

«ጨምር» አሉ እትዬ። «ትንሽ ቀንስ። እሱ ነው። እዚያ ላይ ያዘው።»

እግሩን እዚያ ላይ ያዘው። ክሩን አርቄ መልሼው ኖሮ የላሟን ወሬ ደግመን ሰማን። ቆጠራው ተጀመረ። የሰማናቸው ስሞች በየተራቸው አለፉ። ቀለም የተቀባው ቦታ ላይ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማና አለፈ። ቀጥሎ ያለው ስም መጣ። የቡሬው ሽማግሌ ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ፤ የእነሱ አይደለም። ልጅቷ በበሩ ላይ የነበረ እጇን አነሣች።

ከዚያ የመጨረሻው ስም። የእትዬ አባት ስሙን ከጠሩ በኋላ ልጃቸው ሰውየውን ከሌላ እንዳታሳስተው ብለው ይመስለኛል፣ ረጋ ብለው አከሉበት። ከወንዙ ማዶ፣ ከዋርካው በታች የነበረው አሉ። ቀጥለው መረቁና ካሴቱ መንሿሿት ብቻ ሆነ።

ሾፌሩ እግሩን ከነዳጁ ላይ አላነሣም።

«እስቲ መልሰው» አሉ የቡሬው ሽማግሌ።

መለሰው። ደግመን ሰማነው። ስሙ የቡሬው ሽማግሌ ሰባተኛው ላይ የጠሩት ነው፣ ወንዙም ዋርካውም ያው ናቸው። ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ከመኪናው ወረዱ፤ እትዬም በሌላው በር ወረዱ። ፊት ለፊት ቆሙ፤ በየትኛው ትከሻ እንደሚጀምሩ እንደጠፋቸው ሁሉ ጥቂት ቆይተው ተሳሳሙ።

«ለካ ዘመዴ ነዎት» አሉ እትዬ።

«ዘመድ ነን» አሉ ሽማግሌው። «ምን ይደረግ፣ ዘመድ ነን።»

ልጅቷ የጥፍር ቀለሙን ብልቃጥ ከዳሽቦርዱ ላይ አንስታ ክዳኑን አጠበቀች። እያየኋት የአጥሩን በር በዝግታ ከፍታ ገባች፤ በሩን መለስ አድርጋ ዘጋችው።

የቡሬው ሽማግሌ መንገድ ላይ ቆመው የመጨረሻውን መኪና በከዘራቸው አስቆሙት። እትዬ እስኪሳፈሩ ሸኟቸው፤ ከዚያ ወደ ፒክአፑ ተመለሱ።

«አውጣልኝ» አሉት ሾፌሩን።

ማስወጫውን ተጫነው። ካሴቱ ሳይበጠስ ወጣ።