እንትን ስንት ነው?

ዝናብ ሲዘንብ መኪና ውስጥ ተቀምጬ መስታወቱ በእስትንፋሴ ጉም ሲለብስ፣ እስከ ዛሬ ይጨንቀኛል። ትናንትም ልጄን ከትምህርት ቤት ልቀበል ቆሜ ሳለ መስታወቱ ሲሸፈንብኝ፣ ዝናቡን ችላ ብዬ መስኮቱን እስከ ታች ከፈትኩት። እጅጌዬ ራሰ። ይራስ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ዲቪ ደርሶን ከመጣን ዓመት አልሞላንም። ሊልበርን በምትባል ከተማ ቤት ተከራይተን ነበር፤ ለሦስታችን ያለችን አንዲት አሮጌ መኪና ናት። አባቴ ኢስት ፖይንት መንገደኞችን ከመኪና ማቆሚያ ወደ ኤርፖርት ሲያመላልስ ይውልና፣ ከሰዓት እኔን ከትምህርት ቤት ይወስደኛል። ከዚያ ፒችትሪ ኮርነርስ ሄደን፣ እናቴ ከምትሠራበት የማሸጊያ ፋብሪካ ደጅ እስክትወጣ ድረስ አንድ ሰዓት እንጠብቃለን። በእኔ በኩል ያለው በር መያዣው ተሰብሮ ከውስጥ አይከፈትም፤ አባቴ ዞሮ ካልከፈተልኝ መውጫ የለኝም። ውስጡ እርጥብ ምንጣፍና አባቴ የሚልጠው ብርቱካን ይሸታል።

ትምህርት ቤቱም ከመኪናው አይሻልም ነበር። አፌ በእንግሊዝኛ ስላልተፈታ ብቻ የታችኛው የሒሳብ ክፍል ከተቱኝ። እዚያ ክብ ተስሎ ይሰጠናል፣ ግማሹንና ሩቡን ቀለም እንቀባለን። አዲስ አበባ ከክፍሏ ሁለተኛ የወጣች ልጅ! ከዚያ የሚያወጣኝ አንድ ፈተና ብቻ ነበር፤ ከወደቅኩ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያው ቀለም መቀባት ነው።

“አብሽሪ፣ እኔ አወጣሻለሁ” አለ አባቴ።

አባቴ አስኳላ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሒሳብን የተማረው ወሎ፣ ከአንድ ሸኽ ዘንድ ነው። ሸኹ የሚያስተምሩት ደግሞ የባግዳዱን ሰውዬ መንገድ ነበር፤ ከሺህ ዓመት በፊት መጽሐፍ ጽፎ፣ አልጀብራ የሚለውን ስም ለዓለም ያወረሰውን ሊቅ። “አልጀብር ማለት ስብራት መጠገን ነው” ይለኝ ነበር አባቴ፣ “ወጌሻ አጥንት እንደሚገጥመው።”

ከዚያ ጉም የለበሰው መስታወት ላይ በጣቱ ካሬ ይስላል።

“አንድ እንትን በራሱ ተባዛ። አሥር እንትን ተጨመረበት። ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። እንትን ስንት ነው?”

እንትን በአማርኛ የማይተካው ጉድ እንደሌለ ታውቃላችሁ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ኀፍረት ሊገድለኝ ይደርስ ነበር።

“አባ፣ ፕሊስ፣ ኤክስ በለው!”

“ዐረቦቹም ‘ነገር’ ነው የሚሉት። ስሙን የማታውቂውን ሌላ ምን ልትይው ነው?”

አሥሩን ለሁለት ከፍሎ በካሬው በሁለት ጎን አምስት አምስት ይለጥፋል፤ ጥጉ ጎዶሎ ይቀራል። “ሙዪው!” ይለኛል። አምስት በአምስት ሃያ አምስት፤ ከሠላሳ ዘጠኙ ጋር ስልሳ አራት፤ ጎኑ ስምንት፤ አምስት ሲነሳለት ሦስት። በየቀኑ ያው ካሬ፣ ያው ጥግ፣ ያው ሦስት። አንዳንዴ፣ ምነው ዝም ባለ እል ነበር።

ፈተናው ላይ እንዲህ ያሉ ሦስት ጥያቄዎች መጡ። ካሬዬን ስዬ፣ ጥጌን ሞልቼ፣ ከሁሉ ቀድሜ ወጣሁ። በሳምንቱ መምህሯ ወረቀቴን ዘርግታ፣ ሥዕሉ ያምራል፣ ሁለተኛው መልስ ግን የታለ? አለችኝ። ለካ መልሱ ሁለት ነው! መኪና ውስጥ በምንሠራው ሒሳብ ብንሄድ፣ ከሦስት ሌላ ከዜሮ በታች አሥራ ሦስትም አለ። የባግዳዱ ሰውዬ ካሬ ነው የሚስለው፤ ከዜሮ በታች የሆነ ጎን ደግሞ የለም፤ ስለዚህ ትቶታል። ሸኹም ተዉት፤ አባቴም ተወው። እኔ ወደቅኩ።

“ፌል አደረግኩ! በአንተ ምክንያት! መልሱ ሁለት ነው! ሰውዬህ ኔጌቲቭ አያውቅም፣ አንተም አታውቅም! ሳታውቅ ለምን አስተምርሻለሁ አልከኝ?”

አባቴ አልተቆጣም። ግማሹን የላጠውን ብርቱካን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። በሩን ብታገለው እምቢ አለኝ፤ እሱም ዞሮ ሊከፍትልኝ አልተነሳም። እናቴ በዝናቡ መጥታ “ምነው፣ ማን ሞተ?” እስክትል ድረስ ያንኑ የተሰበረ መያዣ ስጎትት ቆየሁ።

ሁለት ሳምንት ካሬ አልተሳለም። ስመኘው የነበረውን ዝምታ አገኘሁት፤ አልጣመኝም።

አንድ ቀን እዚያው ፋብሪካው ደጅ ቆመን፣ አባቴ ከኪሱ የሥራ ቦታውን ወረቀት አወጣ። ጀርባው ላይ ካሬው ተስሏል።

“እስቲ ያችን ሁለተኛዋን አሳዪኝ” አለኝ፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

ስልሳ አራት የሚሆነው ስምንት በራሱ ሲባዛ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከዜሮ በታች ያለው ስምንትም በራሱ ሲባዛ ስልሳ አራት እንደሚሆን፣ ከእሱ ላይ አምስት ሲቀነስ ከዜሮ በታች አሥራ ሦስት እንደሚመጣ ነገርኩት። አላመነኝም። እስክሪብቶውን ተቀብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ራሱ አባዛ። መቶ ስልሳ ዘጠኝ። አሥሩ እንትን፣ መቶ ሠላሳ፣ ሲነሳለት…

“ሠላሳ ዘጠኝ! ወላሂ ሠላሳ ዘጠኝ!” መሪውን በመዳፉ ሲመታው ክላክሱ ጮኸ፤ የፋብሪካው ዘበኛ ዞሮ አየን። ሁለታችንም ሳቅን።

አሁን ይቅርታ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። በከንቱ የሚያልፈው ዓመቴ ቁጭት ገና አልወጣልኝም ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን አተኩሮ ሲያይ ቆይቶ ዓይኑ እንባ ሞላ።

“ሸኽዬ” አለ፣ “ሸኽዬ ይቺን ሳያዩ ሞቱ።”

እጁን ያዝኩት። እናቴ እስክትወጣ ድረስ አልለቀቅኩትም።