የእናትነሽ «እሺ»

እናንተዬ፣ የደቡብ ሮተርዳሟን እናትነሽን የማያውቅ ሐበሻ ካለ ከቤቱ አይወጣም ማለት ነው። እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆማ ከነጠላዋ ጥለት የውሻ ፀጉር ስትለቅም የምታዩዋት ሴት እሷ ናት። ብትለቅመው ብትለቅመው አያልቅም። ጓደኛዋ ፋናዬ ደግሞ አፏ አያርፍም፤ «ምነው፣ ዛሬም ከውሾችሽ ጋር ተሳስመሽ መጣሽ?» ትላታለች። እናትነሽ መልሷ አንድ ነው፤ «ውሾቹ ይጮኻሉ፣ ግመሎቹም ይሄዳሉ ሲባል አልሰማሽም? የኔዎቹ እየጮኹም ይሄዳሉ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትነሽ የቱይስዞርኽ ሠራተኛ ናት፤ በየቤቱ እየዞረች አረጋውያንን ታጥባለች፣ ታለብሳለች። ከሮተርዳም ጎን ባለችው ስኪዳም ከምትረዳቸው አንዱ ሜኒር ዊም፣ በኛ አቶ ዊም፣ ናቸው። በጉብዝናቸው ዘመን ኖርዌይ ድረስ እየሄዱ፣ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ በረዶ ላይ ሲበሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ኋላ ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸውም ምላሳቸውም ታሰረ። አራት ሃስኪ ውሾቻቸው ግን ሩጫ እንዳማራቸው ጓሮ ውስጥ ቀሩ፤ ቀኑን ሙሉ ያላዝናሉ።

እናትነሽ መጀመሪያ ትፈራቸው ነበር። «እንዲህ ያለ ሰማያዊ ዓይን ያለው ውሻ ምኑ ይታመናል?» ትል ነበር። ሽማግሌው በመስኮት እያዩዋቸው እንባቸው ሲወርድ ስታይ ግን አንጀቷ አልቻለም። በዕረፍት ቀኗ መጣችና «እስቲ ያስተምሩኝ» አለቻቸው፤ እሳቸውም በደህናው ግራ እጃቸው እየጠቆሙ ያሳዩዋት ጀመር።

ጉድ በል ሮተርዳም! ሆላንድ ውስጥ በረዶ የሚጥለው ለወሬ ነው፤ ጠዋት ጥሎ ከሰዓት ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ልምምዱ በባለ ሦስት ጎማ ጋሪ፣ ከቤቱ ጀርባ ባለው የጫካ መንገድ ነው፤ ያውም በብርዱ ወራት ብቻ፣ ሙቀት ውሾቹን ይጎዳቸዋልና። ሜኒር ዊም ዊልቸራቸው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው መንገዱ አፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሁሉ ነገር ሲሰናዳ ግራ እጃቸውን ያነሣሉ። እሷ «እሺ» ትላቸውና ፍሬኑን ለቃ «ፎራውት!» ብላ ትጮኻለች፤ በደች ወደፊት ማለት ነው።

ስንቴ ወደቀች መሰላችሁ! አንድ ቀን ውሾቹ ጥንቸል ሲያባርሩ ቦይ ውስጥ ከተቷት። ውሃ እያንጠባጠበች በሜትሮ ወደ ቤቷ ስትመለስ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ግን ተመልሳ መጣች። አሮጊቷ ሎተ ከፊት ካልሆነች ሌሎቹ እንደማይስማሙ አወቀች፤ ከሩጫ በኋላ የእያንዳንዱን መዳፍ እያነሣች እሾህ መፈለግ ለመደች። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ልብ ያላት ሴት አላየሁም።

የሽማግሌው ልጅ አኔሚክ ዴን ሃግ ከተማ ነው የምትኖረው። ክፉ አይደለችም፤ ደክሟታል። የጎረቤቱ ስሞታ ሲበዛባት ሁለቱን ውሾች ለአንድ ቤት፣ ሁለቱን ለሌላ ቤት ልትሰጥ ቆረጠች። እናትነሽ ይህን ስትሰማ እህል አልወርድ አላት። «አብረው ያደጉትን? አባትሽስ ምን ሊያዩ ነው በመስኮት?» ብላ ለመነቻት። በመጨረሻ አኔሚክ «ቅዳሜ መጥቼ ልይ። ቁሙ ሲባሉ ከቆሙ፣ ሂዱ ሲባሉ ከሄዱ ይቆያሉ» አለች።

ቅዳሜ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጋ። ውሾቹ ተጠመዱ፤ ሜኒር ዊም ቦታቸውን ያዙ። አኔሚክ እጇን አጣምራ፣ «እኔ ሳልል እንዳይንቀሳቀሱ፤ ገባሽ?» አለች።

«እሺ» አለች እናትነሽ። ሐበሻ ሌላ ምን ይላል?

ከአፏ ሳይወጣ ውሾቹ ተፈተለኩ! እናትነሽ በአንድ እግሯ ጋሪው ላይ ተንጠልጥላ፣ ሻርፗ ወድቆ፣ እመቤቴን እየጠራች ሄደች። መታጠፊያው ጋ «ስቶፕ!» ስትል ቀጥ አሉ። አዙራቸው ስትመለስ አኔሚክ ራሷን ነቀነቀች። «አየሽ? አይሰሙሽም» አለቻት።

እናትነሽ ከጋሪው ወረደች። ያ ሁሉ ጭቃ፣ ያ ሁሉ ቦይ፣ በአንዲት ደቂቃ ገደል ገባ።

ሜኒር ዊም ግን ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ይስቃሉ። ግራ እጃቸውን አንሥተው ወደ እናትነሽ አፍ ጠቆሙ። አሁንም አሁንም ጠቆሙ።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች እናትነሽ። «አኔሚክ፣ እነሱስ ሰምተውኛል! እይ እስቲ።» ወደ ውሾቹ ዞራ «ፎራውት!» ብላ ጮኸች። ሎተ ዞር ብላ አየቻትና እንደቆመች ቀረች። ለካስ ይህን ሁሉ ጊዜ የሚነሡት በደቹ ቃል አልነበረም! ጋሪዋ ላይ ወጣች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሺ» አለች።

ሄዱ። እንዴት ያለ አካሄድ! አራቱም እንደ አንድ ውሻ ዙሩን ጨርሰው ተመለሱና አኔሚክ ጫማ ሥር ቆሙ።

አኔሚክ ያጣመረችውን እጇን ፈታች። «ያ ቃል ምን ማለት ነው?» አለች።

«ተስማማሁ ማለት ነው።»

አኔሚክ አባቷን አየች። ሽማግሌው ሳቃቸውን ትተው ዓይን ዓይኗን ያያሉ፤ ግራ እጃቸው ብርድ ልብሱን ጨምድዶ ይዟል። ጎንበስ ብላ የሎተን አንገት ዳበሰችና ቀና አለች።

«እሺ» አለች።

አቤት! እናትነሽ አፏን ለመክፈት እንኳ አልደረሰችም። ውሾቹ እየጮኹ ይዘዋት ወደ ጫካው ገቡ፤ እሷም ጋሪው ላይ ሆና እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። በዚያች ሰዓት ግን «ስቶፕ» ያላቸው የለም።