እርሾ የገባበት ሰማይ

ሊንደሩድ ሰፈር ካለው ዳቦ ቤት ስደርስ የትኩስ ዳቦ ሽታ ሁሌም ያስቀኛል።

ልጅ ሆኜ አመሩድ የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ የጥንት ባቢሎናውያን የአጥቢያ ኮከብን መውጣትና መጥለቅ በሸክላ ሰሌዳ ላይ ይመዘግቡ እንደነበር ለክፍል ልጆች እንዳስረዳ ታዘዝኩ። ሸክላ ከየት ይምጣ? አባዬ የዳቦ ሊጥ አቦካልኝ፤ እኔም በሹካ ጫፍ ምልክቶቹን ቀረጽኩበትና ኦቨን ውስጥ ከተትነው። ስናወጣው ሰሌዳዬ ትራስ አክሏል፤ አንድም ምልክት አይታይም። እንባዬ መጣ።

አባዬ ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"እነሱ እኮ እርሾ አልጨመሩበትም፣ የኔ ልጅ!"

በማግስቱ "ይኼ የባቢሎን ሰማይ ነው" ብዬ ለክፍሉ ቆረስኩት። መምህሬ አፏ እንደሞላ "ኮከቧስ የታለች?" አለችኝ።

ዛሬም ትኩስ ዳቦ ይዤ ስገባ፣ አባዬ ገና ከበሩ "ኮከቧስ?" ይለኛል።

"በላናት!"