እምቢ ያለው ባትሪ

አባቴን ሰፈሩ «አሲዱ» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሞተ የመኪና ባትሪ ሲያስነሳ ኖሯል፤ ሱሪው ሁሉ በአሲድ ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል። እልኸኛ ነው። ባትሪ እምቢ ካለው ኃይል ይጨምርበታል እንጂ አይለምነውም። ብዙዎቹ ተነስተውለታል፤ እኛን ያጠፋንም ይኸው ነው።

እናቴ ሳንባዋ ከደከመ ሁለት ዓመቷ ነው። የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነው። የመብራት መስመር እኛ ጋ ስለማይደርስ ማሽኑ የሚሠራው ጣሪያ ላይ ባለው ሶላርና በአዲሱ የሊቲየም ባትሪ ነው። ባትሪው የመጣ ቀን አባቴ ግቢ ውስጥ ወዳለው የቆርቆሮ መጋዘን ወስዶ ሲሚንቶ ላይ አስቀመጠው። «ባትሪ ከሰው ጋር አያድርም፤ ትነቱ ሳንባዋን ይፈጀዋል» አለ። የድሮዎቹ እውነትም ትነት ነበራቸው። ይሄኛው የለውም፤ ግን ማን ይናገረው!

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጋዘን ውስጥ ያለው የባልዲ ውሃ በረዶ ሠርቶ አገኘነው። ፀሐይዋ ፓነሉ ላይ ቦግ ብላለች፤ ባትሪው ግን ቀይ መብራት እያብለጨለጨ ቻርጅ አልቀበልም አለ። ማሽኑ ሲጠፋብን እናቴን ወደ መጠባበቂያው የኦክስጅን ሲሊንደር አዛወርናት። ሲሊንደሩ ሩብ ያህል ብቻ ነበረው።

«አባዬ፣ ባትሪውን የሸጠችልን ሴት ጋ ልደውል?»

«እኔ አሲዱ፣ ባትሪ ከሱቅ ልማር?»

«እማዬ እኮ ናት!»

«ታዲያ ለሷ ብዬ አይደል እንዴ!»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሽፋኑን ፈታ። ቻርጅ የሚከለክለውን ቦርድ አልፎ ሽቦውን በቀጥታ አገናኘው። ወዲያው ቻርጅ መቀበል ጀመረ። አባቴ ሳቀ፤ አብሬው መሳቄን ሳስበው ያመኛል።

እኩለ ቀን ላይ የባትሪው ሆድ ተነፋ። ደንግጬ ሻጯ ጋ ደወልኩ።

«የኔ እህት፣ ታሞ እኮ አይደለም፣ በርዶት ነው» አለችኝ። «በዚህ ብርድ ቻርጅ ከገባበት ውስጡ ይበላሻል፤ ቦርዱ የሚከለክለው ለዚያ ነው። ቤት አስገብታችሁ ጥቂት ሰዓት ብታሞቁት ራሱ ይቀበል ነበር።»

 የሰማሁትን ስነግረው አባቴ መፍቻውን መሬት አስቀመጠ። የልቤን ልነግረው ነበር፤ ፊቱን ሳይ አንጀቴ አልቻለም።

ወንድሜ ሌላውን ባዶ ሲሊንደር ሊያስሞላ ከተማ ወርዷል፤ ቢፈጥን ቢፈጥን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት አይደርስም። እቤት ያለው ሲሊንደር ስላለቀ እናቴን ወደ ማሽኑ መልሰናታል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ጣሪያውን ለቀቀች፤ ከዚህ በኋላ ያለን ያ ያበጠ ባትሪ ብቻ ነው። አባቴ ቴስተሩን አስነካው፦ አሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት ቮልት። ከሩብ ሰዓት በኋላም ያው አሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት። የድሮው ባትሪ ሲደክም ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሊቲየም ግን ብዙ ቢኖረውም ጥቂት ቢቀረውም ቁጥሩ እምብዛም አይለወጥም፤ ከዚያ ድንገት ድርግም ይላል። ይህንንም የነገረችኝ ሻጯ ናት።

አባቴ ቴስተሩን ይዞ ቤት ሲገባ እናቴ አፍንጫዋ ላይ ያለውን ቱቦ እያስተካከለች ወደ እሱ ዞረች።

«ስንት ሰዓት ይቆይልኛል?»

ቴስተሩን አየ፤ እሷን አየ።

«አላውቅም» አለ።

«እንግዲያውስ ተወው፤ ና እዚህ ተቀመጥ።»

ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ሦስታችንም የማሽኑን ድምፅ እናዳምጣለን።