የጮቄ ብርድና የሰዒድ ኮዳ

ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ተራራ ላይ፣ አንድ ገመገም አለ። ዛሬ ገብስ ይዘራበታል። እኛ ወጣት ሳለን ምሽግ ቆፍረንበት ነበር። አሁን ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ውርጭ ባደረ ቁጥር ያ ገመገም ይናፍቀኛል። ጦርነቱስ ይቅርብኝ፤ የሚናፍቁኝ ሰዎቹ ናቸው።

ትእዛዙ ከሰዓት በኋላ ደረሰን፤ «ገመገሙን ይዛችሁ ጠብቁ።» ያዝነው። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ጠላት ከፊታችን ካለው ሸንተረር ይተኩሳል፤ ብርዱ ግን ከእሱም ባሰብን። ከምሽጋችን ግርጌ ምንጭ ስለነበረ ውሃ ሞልቶናል። የሚጠጣ ሰው ጠፋ እንጂ። በዚያ ብርድ ማን ይጠማዋል? ጠጥቶስ ለሽንት ከምሽግ ማን ይወጣል?

የመቶ ጦራችን ሐኪም ሰዒድ፣ የደብረ ማርቆስ ባለሱቅ ልጅ፣ ኮዳውን ይዞ እየዞረ ይነዘንዘናል። «ከአፍህ የሚወጣውን እንፋሎት ታያለህ? ውሃህ ነው እየሄደ ያለው።» እኛ እንስቅበታለን።

ጥቂት ቀናት እንዳደርን መትረየስ ተኳሻችን ሙሉቀን ራሱን አዞረው። የዲማ ሰው፣ ዲያቆን ነበር። የነቢያትን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምስ ይውላል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ንግግሩ ይምታታበታል። ብርድ መታው ብለን ካፖርት ደራረብንበት። አንዱ እንዲያውም ያሙቀው ብሎ አረቄ ይዞ መጣ። ሰዒድ አረቄውን ነጥቆ ደፋው። የእጁን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ አየና «ውሃ ነው ያለቀበት። እንዲህ ከዋለ ይሞትብናል» አለ።

ለብ ያለ ውሃ በጨውና በስኳር በጥብጦ አቀረበለት። ሙሉቀን አፉን ገጠመ። «ሰዓቱ አልደረሰም።»

ሰዒድ አልተቆጣም። አጠገቡ ቁጢጥ አለ። «በእኛ የታመመ ሰው ጾሙን ይፈታል። በእናንተስ?»

ሙሉቀን ኮዳውን ተቀበለ። «በእኛም» አለና ጠጣ። ማምሻውን ወደ መትረየሱ ተመለሰ።

በማግስቱ ሊነጋ ሲል ተጠቃን። ሙሉቀን ተኩሱን አላቋረጠም። ገመገሙን አላስነጠቅንም። ፀሐይ ስትወጣ ተቆጠርን፤ አራት ሰው ጎድሎብናል። አንዱ ሰዒድ ነበር፤ ቁስለኛ ሊያነሳ ወጥቶ ተመታ። እሱ ባይኖር ኖሮ ቁጥሩ ከዚያ ይበልጥ ነበር።

ጦርነቱ ሲያበቃ ከሙሉቀን ጋር ወደ ሰዒድ ቤተሰቦች ሱቅ ሄድን። እናቱ መርዶውን ቀደም ብለው ሰምተዋል። ሙሉቀን መንገድ ላይ ሲያሰላስለው የመጣው ንግግር ጠፋበት። «ሰዒድ ነው አጠጥቶ ያዳነኝ» ብቻ አለ።

ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «አሁን ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ እማማ።»

አቀፉት። ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው።