የየሺሃረግ ፈረስ ማሰሪያ

አሰላ ውስጥ ከገበያው ወረድ ብሎ ያለውን ሰፈር ያኔ ሰው ሁሉ «ፈረስ ማሰሪያ» ይለው ነበር። ስሙን ማዘጋጃ ቤት ያወጣለት እንዳይመስላችሁ፤ የመጣው ከወይዘሮ የሺሃረግ ግቢ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳጉሬ በኩልና ከጭላሎ ግርጌ የሚመጣው ባላገር ቅቤውንና ማሩን ይዞ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ፈረሱን ለእሷ ያስረክባል። እሷም ልጓሙን ተቀብላ፣ ፈረሱንም ባለቤቱንም እኩል ሰላም ብላ፣ ሣር ትጥልለታለች። ዋጋዋ አንዳንዴ ሳንቲም፣ አንዳንዴ ገብስ፣ አንዳንዴም ምርቃት ብቻ ነበር። በምርቃት የሚከፍሉትን አፏን ሞልታ ትሳደባለች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ፈረሳቸውን መልሳ ትቀበላለች።

የሺሃረግ ሃምሳ ዓመት የተጠጋት፣ ቀጠን ረዘም ያለች፣ ድምፅዋ ግን ለሦስት ሰው የሚበቃ ሴት ነበረች። ባሏ አቶ ገብረ ማርያም ሲሞት የተወላት ያንን ሰፊ ግቢ፣ አንዲት ጎጆና በግቢው መሐል የተተከለ አንድ የጥድ ግንድ ነው። ግንዱን ለገዛ ፈረሱ ብሎ በእጁ የተከለው እሱ ነበር። ከዓመታት ብዛት ገመድ ሲፈትገው ወገቡ ቀጥኖ፣ ልስልስ ብሎ፣ ወዝ አውጥቶ ነበር። ሌሎቹ ማሰሪያዎች በየጊዜው እየበሰበሱ ይቀየራሉ፤ እሱ ግን ቆሞ ቀረ። የሺሃረግም ስታልፍ ስታገድም በመዳፏ መታ ሳታደርገው አትውልም።

ጎረቤቷ ሀጂራ ናት። ጨውና ቅመም ነግዳ ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች፣ ቁጥብ፣ ነገር የማታበዛ ሴት። ሁለቱ ከአንድ ማዕድ ሥጋ አይበሉም እንጂ ሌላው ነገራቸው ሁሉ አንድ ላይ ነበር። የሺሃረግ ለፋሲካ ስታርድ ለሀጂራ የምትልከው ማርና ቅቤ ነው፤ ሀጂራም ለዒድ እንደዚያው። ሀጂራ ግን አንድ ጉድ ነበረባት፤ ፈረስ ትፈራለች። በአርሲ ምድር ተወልዶ ፈረስ መፍራት መቼም የሚያስቅ ነው። ሕፃን ሆና አንዱ ረግጧት ነበርና ቅዳሜ ሲሆን ከቤቷ ለመውጣት በጓሮ በኩል ትዞራለች። የሺሃረግ በዚህ ስትስቅባት ኖራለች።

ሀጂራ ከአንድ ዓመት በፊት ጎጆዋን አፍርሳ የቆርቆሮ ቤት ሠራች። ያ ቤት ለሰፈሩ ትልቅ በረከት ነበር፤ ምክንያቱም የምሥራቅ ግድግዳው የጠዋት ፀሐይ ይይዛል። የአሰላ ብርድ ደግሞ የሚያላግጡበት አይደለም። እስላሙም ክርስቲያኑም ጋቢውን ተከናንቦ እዚያ ግድግዳ ሥር ተደርድሮ ሲቆም የማይነሳ ነገር የለም፤ የጅቡ ነገር፣ ክረምት የሚሞላው ቦይ፣ የበርበሬ ዋጋ፣ ወንዝ ወርዶ ውሃ የመቅዳቱ መከራ። ጉባኤውን የሚመራው ልብስ ሰፊው አቶ ወልደጻድቅ ነበር። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ስለመጣ «ሥልጣኔ» ሳይል ዓረፍተ ነገር አይዘጋም።

በ1952 ዓ.ም. ጥምቀት ካለፈ በኋላ ግን የጅቡም የበርበሬውም ወሬ ቀረ። ሦስት እግር ባለው መነጽር የሚያዩ ሰዎች መጡና ከገበያው ጀምረው ቁልቁል፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል እየተከሉ ሰፈሩን አለፉት።

«መንገድ ነው!» አለ ወልደጻድቅ። «ገበያውን ከአዲስ አበባው መንገድ የሚያገናኝ መንገድ! ሥልጣኔ በእግሩ መጣ!»

«አውቶቡስም ይመጣል?» አለች የሺሃረግ።

«ደጅዎ ድረስ ነዋ፣ ወይዘሮ የሺሃረግ! ችካሉ እኮ በአጥርዎ ጥግ ነው ያለፈው።»

የሺሃረግ እልል አለች። እንቅልፍ አልወስዳት አለ። ለባላገሩ ማረፊያ ቤት ልትሠራ፣ ሻይ ልታፈላ፣ ከአውቶቡስ የሚወርደውን እንግዳ ልትቀበል በሐሳቧ ስንት ነገር ቆረጠች፣ ስንት ነገር ሰፋች። ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ሥር ከሁሉ ቀድማ ትገኛለች፤ ስለ መንገዱ ተናግራ አትጠግብም።

ከችካሎቹ አንዱ የተተከለው ሀጂራ ደጃፍ ላይ፣ ከመግቢያው ድንጋይ ሥር ነበር። መንገዱ ሲሠራ ያ ቤት ይፈርሳል ማለት ነው። የሺሃረግ ይህን አላየችም እንዳልል አይታዋለች፤ ልቧ ግን ከአውቶቡሱ ጋር ሄዷል። ሀጂራ ከግድግዳዋ ሥር መቆም መተዋን፣ ስትጠየቅም «አላህ ካለ ይሁን፤ መንገድ የሁሉም ነው» ብላ ወደ ጓዳዋ መግባቷን ልብ አላለችውም። ደስታም እንደ ሐዘን ዓይን ይጋርዳል።

ቅዳሜ ደረሰ። ለዘመን መለወጫ እንኳ ያልታየ ገበያተኛ ጎረፈ፤ መንገድ ጠራጊው መኪና ዛሬ ይገባል ተብሎ ወሬው ሳጉሬ ድረስ ደርሶ ኖሯል። የየሺሃረግ ግቢ በማለዳ ሞላ። ዳማው፣ ቦራው፣ ጥቁሩ ጉራቻ ጎን ለጎን ቆሞ መተላለፊያ ጠፋ። በመጨረሻ የሳጉሬው ቶላ፣ የብዙ ዘመን ደንበኛዋ፣ ሰባት ስምንት ፈረሰኞች አስከትሎ ደረሰ።

«አዴ የሺ፣ የት ልሰረው?» አለ፤ ሴትየዋን እንደ አገሩ ወግ «አዴ» ብሎ ነው የሚያከብራት።

የሺሃረግ ዘወር ብላ አየች። ቦታ የለም። ደስታው ምላሷን አፍጥኖት ነበርና በእጇ ወደ ችካሎቹ አመለከተች። «ያውልህ! መንግሥት ለእናንተ ፈረስ ብሎ ያቆመው ነው። ቀይ ጨርቅ ሳይቀር አስሮላችኋል!»

እሷ መቀለዷ ነበር። ቶላ ግን የእሷን ቃል እንደ አዋጅ የሚቀበል ሰው ነው። «መንግሥት ይኑር!» ብሎ መርቆ ዳማውን ከችካሉ አሰረ። የቀሩትም አሰሩ። ያንን ያየ ሌላ ባላገር ሁሉ እየመጣ አሰረ። ከገበያው አፍ እስከ ሰፈሩ ግርጌ ከየችካሉ አንድ አንድ ፈረስ ቆመ። የሺሃረግም ሳቋ መጣና «ተዉ» ሳትል ቀረች። የአርሲ ፈረስ ጨዋ ነው፤ ካሰሩት በሣር ክርም ቢሆን ይቆማል ብላ ነው።

ቆሞም ነበር፤ ያ ጉደኛ የጭነት መኪና እስኪመጣ። ጠራጊውን መኪና በጀርባው አዝሎ፣ አቧራውን እያጨሰ፣ እልልታና ጭብጨባ እየተከተለው ወደ ሰፈሩ ታጠፈ። ሾፌሩ ሕዝቡ ደስ አለው ብሎ ክላክሱን ለቀቀው። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሰፈሩ ዓመት ሙሉ አወራው። ፈረሶቹ በአንድ ጊዜ ዘለሉ፤ ችካሉ ከመሬት እየተነቀለ በየገመዱ ተንጠለጠለ፤ ቀይ ጨርቅ እያውለበለቡ ግማሾቹ ወደ ገበያው፣ ግማሾቹ ወደ ጭላሎ ነጎዱ። የሸክላ ሻጮቹ ተራ እንዳልነበረ ሆነ። ወልደጻድቅ የሚሰፋውን ሱሪ በአንገቱ እንዳንጠለጠለ አጥር ላይ ወጣ። ቶላ «ዳማ! ዳማ!» እያለ ሲሮጥ ከኋላው ያልሮጠ ሰው አልነበረም። ፈረሶቹ ሲመሽ ተገኙ። ችካሎቹ ግን ጉድጓዳቸው እንኳ በኮቴ ተደፍኖ ጠፋ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለ ወልደጻድቅ ማግስቱን። «መንገዱ ቀረ!»

አልቀረም። ሰኞ ጠዋት የመንገዱ አለቃ ገመድና ካዝማ ከያዙ ሠራተኞቹ ጋር መጣ። መነጽረኞቹ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል፤ እነሱን መልሶ መጥራት ስንት ሳምንት እንደሚወስድ እግዜር ይወቀው። ሰፈሩን ግድግዳው ሥር ሰብስቦ «ችካሉ የት የት ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

እናንተዬ፣ የዚያን ቀን የተዋሸው! ሁሉም ችካሉን ከራሱ አጥር አርቆ ጎረቤቱ ማጀት ውስጥ ይተክለዋል። ወልደጻድቅ በአሥር ክንድ ወደ ወንዙ አወረደው። አንዱ ይምላል፣ ሌላው ይገዘታል። አለቃው ላብ አጠመቀው።

«አንድ እውነት የሚናገር ሰው በዚህ ሰፈር የለም?» አለ።

የቆርቆሮው ቤት በር ተከፈተና ሀጂራ ወጣች። ነጠላዋን አጣፍታ እስከ መግቢያው ድንጋይ መጣችና እግሯን አሳረፈችበት።

«እዚህ ነበር» አለች። «ወላሂ፣ እዚህ ደጄ ላይ ነበር።»

ሁሉም ያውቀው ነበርና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። የሺሃረግ ብቻ ቀና ብላ የጓደኛዋን ፊት አየች። በዚያ ሁሉ ሰሞን አላየችውም ኖሯል። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ጉንጯ ጎድጉዷል። «እኔ እልል ስል እሷ ስታለቅስ ነበር» አለች በልቧ። አፈረች። ያቺ አፈ ሰፊ ሴት የምትገባበት ጠፋት።

ከዚያ የሺሃረግ ሳታስበው ከሰዉ መሐል ወጥታ ነበር።

«ጌታዬ፣ ሀጂራ ያለችው እውነት ነው» አለች ለአለቃው። «ችካሉን ያስነቀልኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ የኔ ቀልድ ነው። አሁን ግን ይስሙኝ። ከዚህ ቤት ትንሽ ወደ ግራ ቢሉ የኔ ግቢ ነው። ባዶ ነው፤ ጎጆዋም ጥግ ላይ ናት። በዚያ ያሳልፉት።»

«ምን ነካዎት፣ ወይዘሮ የሺሃረግ!» ብሎ ጮኸ ወልደጻድቅ። «ፈረሱን የት ሊያስሩ ነው? በምን ሊኖሩ ነው?»

«ፈረስ እግር አለው፤ የትም ይቆማል። ቤት እግር የለውም።»

አለቃው ገመዱን አስዘርግቶ ወዲያና ወዲህ አየ። መንገዱ ጥቂት ይታጠፋል እንጂ ያልፋል። ቤት ካልፈረሰ ደግሞ ክርክር የለ፣ አቤቱታ የለ። «ቃልዎ ቃል ነው?» አላት። «ቃሌ ነው» አለች። ሀጂራ እጇን ልትይዛት ብትመጣ የሺሃረግ «ሂጂ ወዲያ!» ብላ ገፋቻት፤ ከነካቻት ማልቀሷ ነበርና።

ጠራጊው መኪና ግቢውን ለመጥረግ ከጠዋት እስከ ምሳ አልፈጀበትም። ሰፈሩ ሲጨፍር የሺሃረግም አብራ ጨፈረች፤ እውነቷን ነው፣ መንገዱን ትወደዋለች። መኪናው የጥድ ግንዱ ጋ ሲደርስ ግን ጎጆዋ ገባችና በሩን ዘጋች። ስትወጣ ግንዱ አልነበረም። ከአፈሩ ጋር ተጠርጎ ሄዷል ብላ አልጠየቀችም።

አርብ ዕለት የመጀመሪያው አውቶቡስ ገባ። እንዴት ያለ ቀን ነበር! ልጅ አዋቂው ጎማውን እየዳሰሰ፣ ወልደጻድቅ ለሾፌሩ ስለ ሥልጣኔ ንግግር እያደረገ፣ የሺሃረግ እልልታዋን እያቀለጠችው ዋለች።

ቅዳሜ ግን ሌላ ነበር። በልማዷ ገና ሳይነጋ ነቃች። የምትጥለው ሣር የለም፤ የምትቀበለው ልጓም የለም። ከአልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ እጆቿን አየቻቸው። ረፋዱ ላይ የኮቴ ድምፅ ሰማች። ቶላ መሆኑን በዳማው አረማመድ ለየችው። አፍራ ልትደበቅ ከጀላት፤ ምን ብላ ትነግረዋለች?

«አዴ የሺ! አዴ የሺ! የት ሄደሽ?» እያለ ይጮኻል።

ወጣች። ቶላ ከነፈረሱ ድሮ ግንዱ በነበረበት ቦታ፣ ከአዲሱ መንገድ መሐል ላይ ተገትሯል። ከኋላው ሌሎች ፈረሰኞች፣ ከእነሱ ኋላ አውቶቡሱ ክላክሱን እየነፋ። ዳማው ጆሮውን አቁሞ ይደነብራል።

«ቶላ፣ ልጄ...» ብላ ጀመረች።

ይህን ጊዜ ማዶ የሀጂራ የአጥር በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ከቆርቆሮው ቤት ጎን ጎመን የነበረበት መደብ ተነቅሎ፣ መሬቱ ተደልድሎ፣ ሣር በየቦታው ተቆልሏል። መሐሉ ላይ ወገቡ የቀጠነው፣ ወዝ ያወጣው የጥድ ግንድ ቆሟል። ሥሩ ያለው አፈር ገና እርጥብ ነው።

ሀጂራ ከበሩ ኋላ ግማሽ ፊቷን ብቻ አውጥታ፣ የበሩን መዝጊያ እንደ ጋሻ በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች።

«ኧረ ነይ አስገቢያቸው፣ የሺዬ!» አለች። «እኔ ፈረስ እፈራለሁ።»