የእናቴ እግርና የአባባ ይስማው ተረት

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ዓባይ ማዶ፣ አምስት ቤተሰብ በተከራየበት አንድ ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር። አባቴ የፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ ያኔ ግን ወደ ሰሜን ዘምቶ ስለነበር ቤት ውስጥ የቀረነው እናቴ፣ እኔና ገና በሆዷ ያለው ልጅ ነበርን። ከግቢው ጫፍ ባለችው ክፍል ጡረታ የወጡ ድሬሰር ይኖራሉ፤ አባባ ይስማው እንላቸዋለን። የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት ከአንዱ የጣና ደሴት ወደ ሌላው በታንኳ እየተሻገሩ፣ ቁስል እያጠቡና መርፌ እየወጉ ነው። ምሽት ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ያኔ ደግሞ የማይጠፋበት ቀን ጥቂት ነበር፣ ደጃፋቸው ላይ ፋኖስ ይሰቅሉና በገል ላይ ፍም አድርገው ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይጨምሩበታል። ጭሱ ትንኙን ሲያባርር እኛን ልጆችን ይጠራን ነበር። ዓይናችንን እያሸን፣ እየተገፋፋን ፍሙን ከበን እንቀመጣለን።

የእሳቸው ተረት የሌላውን ሰው ተረት አይመስልም። ጉማሬው ጥርሱን ያመዋል፤ ዝንጀሮዋን ትኩሳት ይይዛታል፤ አንበሳው እንኳ መርፌ ፈርቶ ዛፍ ላይ ይወጣል። ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉታል፤ ያኔ ሁላችንም አንድ ቃል እንዳያመልጠን ወደ ፊት እናዘነብላለን።

እናቴ ሰባት ወር እንደሞላት አንድ ቀን ስኳር መጣ ተብሎ ቀበሌ ሱቅ ተሰልፋ ዋለች። አመሻሹ ላይ ተመልሳ የቤታችንን ደፍ ልትሻገር ስትል «ባቴን! ባቴን!» ብላ ግድግዳውን ያዘች። ባቷ ተኮማትሮ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ መጋኛ ነው ብለው ነጭ ሽንኩርት ሊያመጡ ሮጡ። እኔ ማልቀስ ጀመርሁ። አባባ ይስማው ግን ቀስ ብለው መጥተው አጠገቧ በርከክ አሉና «ልንካሽ ልጄ?» ብለው ጠየቋት። ለሕመምተኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ ያን ቀን ነው መጀመሪያ የሰማሁት።

እናቴን አስቀመጧትና እግሯን አዘረጓት፤ ከዚያ የእግሯን ጣቶች ይዘው ሳይነጥቁ፣ በዝግታ ወደ ጉልበቷ ሳቧቸው። ጥቂት እንደቆዩ ባቷ ሲላላ ፊቷ ላይ አየሁት። የእኔን እጅ ወስደው ባቷ ላይ አኖሩና እንዴት በመዳፍ እየሞቀ እንደሚታሽ አሳዩኝ። ጡንቻ ሲደክምና ውሃ ሲጠማው እንዲህ ይሆናል አሉ፤ መኮማተሩን ያውቅና መላላቱን ይረሳል፤ እርጉዝ ሴት ላይ ደግሞ ይበረታል። ከዚያ ወዲያ ውሃ ደጋግማ እንድትጠጣ፣ ከመተኛቷ በፊትም ግድግዳ ተደግፋ ተረከዟን ሳታነሳ ባቷን እንድትስብ መከሯት። ሲብስባት ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግ የእኔ ሥራ ሆነ። እትዬ ጥሩነሽም ሽንኩርታቸውን ይዘው ተመለሱ፤ አባባ ይስማው አልሳቁባቸውም፤ ለወጥ ይሆናል አሏቸው እንጂ።

በዚያው ሳምንት አዲስ ተረት አወሩልን። አንዲት ሴት ቤት ሁለት እንግዶች ይመጣሉ። አንደኛው ገና ከደጅ እየጮኸ ገብቶ ቤቱን ያናውጠዋል፤ ሴትየዋ ግን ስታሸው፣ ስትጎትተው፣ ውሃ ስታጠጣው ወዲያው ተነሥቶ ይሄዳል። ሁለተኛው ዝም ብሎ ይገባና ጥግ ይዞ ይቀመጣል። አይሄድም። በየቀኑ ያብጣል፤ ሲነኩት ያቃጥላል። ሴትየዋ እንደ መጀመሪያው ልታሸው እጇን ስትዘረጋ አባባ ይስማው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «ይኼኛውን አታሸውም። ሐኪም ቤት ትሄዳለች።» እናቴ በራችን ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

ወንድሜ በሰላም ተወለደ። በዘጠነኛው ቀን ግን የእናቴ ግራ እግር ከባቷ ጀምሮ አበጠ፤ ቀኝ እግሯ እንደ ድሮው ነው። ትናንት የጀመረው ሕመም ዛሬም አልለቀቃትም። አባባ ይስማው ለቅሶ ሊደርሱ ዘጌ ተሻግረው ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ቅቤ አቅልጠው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ። እኔ የእናቴን እግር ስነካው አቃጠለኝ።

«አይሹት» አልኋቸው።

እትዬ ጥሩነሽ ትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል ወይ ብለው ተቆጡኝ። በእሳቸውና በእናቴ እግር መካከል ተቀመጥሁ። «እማዬ፣ ዝም ብሎ የገባው ነው» አልሁ። እናቴ ቀና ብላ «ጋሪ ጥሩልኝ» አለች።

እትዬ ጥሩነሽ ቢቆጡም ጋሪውን ጠርተው ያመጡት፣ እናቴንም ደግፈው ያሳፈሯት እሳቸው ናቸው። ሕፃኑን እኔ ታቅፌ የዓባይን ድልድይ ተሻገርን። ሆስፒታል ያየን ሐኪም በደም ሥሯ ውስጥ ደም መርጋቱን ነገረን፤ ታሽቶ ቢሆን ኖሮ ተነቅሎ ወደ ሳንባዋ ሊሄድ ይችል ነበር አለ። ብዙ ቀን በመርፌ ታከመች፤ በእግሯም ወደ ቤቷ ገባች።

አባባ ይስማው ሲመለሱ ያደረግሁትን ሰምተው ያመሰግኑኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ደጃፋቸው ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከዚያ ያን ተረት ከየት እንዳመጡት ነገሩኝ። ገና ወጣት ድሬሰር ሳሉ አንድ ደሴት ላይ አንዲት አራስ አንድ እግሯ አብጦ ተጠሩ። «ያወቅሁ መስሎኝ ደህና አድርጌ አሸሁላት» አሉ። «በማግስቱ ሞተች።» ቤተሰቡ የእግዜር ቁጣ ነው ብሎ ተቀበለው፤ እንዲያውም ስለ ድካማቸው አመስግኖ ማር ሰጥቶ ሸኛቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም ሲያስተምር የሠሩት ምን እንደነበር ገባቸው። የሚያውቅባቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ታንኳ ተሳፍረው ተመልሰው ሄዱና ለባልየው ነገሩት።

«እሱስ ምን አለዎት?» አልኋቸው።

«እስኪመሽ ጀርባውን ሰጥቶኝ ዋለ። ስነሣ ግን፣ ለእኔ ከነገርኸኝ ለሌላውም ንገር አለኝ።»

ያኔ ልጅ ስለነበርሁ ገርሞኝ ብቻ አለፈ። ዛሬ እናቴ የልጅ ልጆቿን አይታ በሕይወት አለች፤ እኔም ባቴን ጨምድዶ ሲይዘኝ እግሬን ዘርግቼ ጣቶቼን ወደ ራሴ እስባለሁ፤ ልጆቼም ያውቁታል። ከሁሉ በላይ ውስጤ የቀረው ግን ያ መንገድ ነው። አንድ ወጣት ማንም ሳያስገድደው፣ ማንም ሳይጠረጥረው፣ ስህተቱ እንዲታወቅ ብሎ ያን ሁሉ ውሃ ተሻገረ። እኔ በዕድሜዬ ስሳሳት ዝም ብዬ ያለፍኋቸው ቀኖች አሉ። እንዲህ ባደረግሁ ጊዜ ሁሉ አባባ ይስማውን አስባቸዋለሁ፤ አስቤያቸውም ስህተቴን ልናገር ተነሥቼ የሄድሁባቸው ቀኖች አሉ።